በወንድሜ ስም የተነፋ ትንፋሽ

ታላቅ ወንድሜ ፈርቶ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ የፈራውም ከመዳፌ የማትበልጥ አንዲት ነጭ ፕላስቲክ ነው። ውሻ አይፈራም፣ አለቃ አይፈራም፣ ሚስቱን እንኳ የሚፈራት ለወጉ ያህል ነው። ያቺን የትንፋሽ መለኪያ ግን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ነበር የሚያያት።

ወንድሜ የቤት ዕቃ ቀለም ቀቢ ነው። በብሩሽ ሳይሆን በሚረጭ መሣሪያ፣ በር፣ ቁምሳጥን፣ ወንበር፣ የሕፃን አልጋ ይቀባል። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ባልደረቦቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል፤ ቀለሙ በአንድ ጥግ ትንሽ ከወፈረ ሙሉውን በር ፍቆ እንደገና ስለሚቀባው ነው። እኔ ጋሼ ነው የምለው። የምንበላለጠው በሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ በቁመትም እኩል ስለሆንን ልብስ ሰፊያችን አንዳችንን ለክቶ ለሁለታችንም ይቆርጣል። ግን አባታችን ሲሞት እሱ አሥራ ሰባት፣ እኔ አሥራ አምስት ዓመታችን ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ አዋቂ ሆነ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ቀረሁ።

ባለፈው ዓመት የፋብሪካው ባለቤት አዲስ የቀለም ክፍል አሠራ። ግድግዳው ግማሹ መስታወት ነው፣ አየሩን እየሳበ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ትልቅ ማራገቢያ አለው፣ ወለሉ ይታጠባል። ጋሼ የክፍሉ ኃላፊ እንደሚሆን ከተነገረው ቀን ጀምሮ ስለዚያ ክፍል ሲያወራ፣ ስለ ልጁ ሠርግ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ችግሩ ከክፍሉ ጋር አንድ ደንብ አብሮ መምጣቱ ነው፤ የሳንባ ምርመራ ወረቀት ከጤና ጣቢያ ያላመጣ ሰው እዚያ አይገባም። ውጤቱ ያላማረ ሠራተኛ ወደ ማሸጊያ ክፍል ይዛወራል። የሥራው ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም፣ ለሠራተኛው አስቦ ነው። ጋሼ ግን ከዓመት በላይ ሲያስለው ኖሯል።

አባታችን የሞተው ትንፋሽ አጥሮት ነው። በመጨረሻው ዓመት ከአልጋው እስከ በሩ ሲሄድ ሁለቴ ያርፍ ነበር። ሲጋራውን ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት አልተወም። ከቀብር በተመለስን ማግስት ጋሼ ጓሮ ወስዶኝ፣ «ሲጋራ አፍህ ላይ ያየሁ ቀን ወንድሜ አይደለህም» አለኝ። እሺ አልኩት።

አንድ ነገር ከአሁኑ ተናግሬ ልገላገል። አጨሳለሁ። የስፖርት መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼ «ፊሽካ» ይሉኛል፤ በእረፍት ሰዓት ኳስና መረብ ከምናስቀምጥበት ክፍል ጀርባ ቆሜ አጨሳለሁ፣ ከዚያ ሽታው እንዳይታወቅ ከረሜላ አፌ ውስጥ እከታለሁ። ራሴን አጫሽ ብዬ ግን አላውቅም። አጫሽ ማለት ለኔ አባቴ ነበር፤ የሚያስለው፣ ጣቱ ቢጫ የሆነው። እኔ አያስለኝም። ከተማሪዎቼ ጋር መሮጥ ያቆምኩትም ዕድሜና ክብር ስለማይፈቅዱልኝ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

ወደ ጤና ጣቢያው የሄድነው አብረን ነው። የምርመራ ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ የቁመት መለኪያ። ነርሷ አጭር ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን ለኔ ሜዳ የሚበቃ ነው። ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። መለኪያዋን አንስታ አሳየችን። አፍ ውስጥ የሚገባ የካርቶን ቱቦ አለው፣ ከስልክ ጋር ያለ ገመድ ይገናኛል፣ የተነፋውን ስልኩ ይቀበልና ትልቅ ከተማ ላሉ የሳንባ ሐኪም ይልካል።

«ድሮ ለዚህ ምርመራ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ፣ ሦስት ወር ወረፋ ይጠብቅ ነበር» አለች። «አሁን ትንፋሹ ብቻ ይሄዳል፣ ሰውየው ቤቱ ይቀመጣል። ደረትዎ እስኪሞላ ይሳቡ፣ ከንፈርዎን ግጥም ያድርጉ፣ ከዚያ ባንዴ ያውጡት። እኔ በቃ እስክል አያቁሙ።»

ጋሼ ሳበ፣ ነፋ፣ አሳለ። «ይንፉ ይንፉ ይንፉ ይንፉ» አለች ሲስተር፣ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሕሙማን አብረው የነፉ ይመስለኛል። እንደገና ሳበ፣ አየሩ በከንፈሩ ጎንና ጎን አመለጠ፣ አሳለ። ስድስት ጊዜ ሞከረ፤ ስድስቱንም ጊዜ ስልኩ ላይ ቀይ ምልክት መጣ። ፊቱ ላብ በላብ ሆነ። ሲስተር አልተቆጣችም። መሣሪያውን በትንሽ ቦርሳ አድርጋ ሰጠችው፣ ስልኩ ላይ የሚሠራበትን ፕሮግራም ጫነችለት። ለአሥር ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ቤቱ ተረጋግቶ እንዲነፋ ነገረችው። ሥራ ያለበትም የሌለበትም ቀን መለካት አለበት፤ ሐኪሙ ሁለቱን ያስተያያሉ። ቤተሰብ ያግዝዎት አለችና ወደኔ አየች።

ቤታችን አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ጋሼ መሣሪያዎቹን የሚያስቀምጥባት ክፍል ጠራኝና በሩን ዘጋ። ነፋ። ሳል። ቀይ። ነፋ። ሳል። ቀይ። ከዚያ ነው ወንበሩን ወደ ኋላ የሳበው።

«እንደ አባባ ከሆንኩ ማወቅ አልፈልግም» አለኝ። «የምፈልገው ወረቀቱን ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣ ሲረጋጋ ይወጣል፤ ነገ ትሞክረዋለህ።»

«አንተ ንፋው።»

አየሁት። እየቀለደ አልነበረም።

«ዕድሜያችን ያው ነው፣ ቁመታችን ያው ነው። አንተ ሳል የለብህ፣ ስፖርተኛ ነህ። ቤተሰብ ያግዝ አላለችም? አግዘኝ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያገዘኝ እሱ ነው፤ ትምህርት ቤት ያስገባኝ፣ ጫማ የገዛልኝ፣ ሽማግሌ ሆኖ የዳረኝ። እሱ እኔን አግዘኝ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ። ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ፣ ቱቦውን አፌ ውስጥ ከተትኩ፣ እንደ ፊሽካዬ አድርጌ ለቀቅኩት፣ ስድስት ሰከንድ ሙሉ ሳላቋርጥ። ስልኩ ላይ አረንጓዴ ምልክት መጣ። ሁለተኛው አረንጓዴ፣ ሦስተኛውም አረንጓዴ።

ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ሳንባ እንዲህ ነው» አለ።

አሥሩንም ቀን አረንጓዴ። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ማታ ከተመለስኩ በኋላ። አንዳንድ ቀን ከዕቃ ክፍሉ ጀርባ ካጨስኩ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነፍቼ አረንጓዴ ሲመጣ፣ ሲጋራን የሚያማው ሕዝብ ምን ነካው እስከማለት ደርሼ ነበር። ጋሼ በበኩሉ ዘና አለ። ለአዲሱ ክፍል የሚያስፈልጉትን የብርጭቆ ወረቀት ቁጥሮች በዝርዝር ጻፈ። እኔም ወንድሜን ለክብር አበቃሁት ብዬ ሰፈሩን በኩራት ተራመድኩበት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲስተር ደወለች። ኑ ብቻ ነበር ያለችው።

የጠረጴዛው ኮምፒውተር በርቶ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ሐኪሙ ከርቀት ነበሩ፤ መነጽር ያደረጉ፣ ከኋላቸው የመጽሐፍ መደርደሪያ ያላቸው ሰው። ጋሼን በትሕትና ሰላም አሉት።

«መጀመሪያ ማመስገን እፈልጋለሁ» አሉ። «ቤታቸው ከሚነፉ ሰዎች እንዲህ ያለ ጥሩ አነፋፍ ብዙ አላየሁም። ስለዚህ ውጤቱን ማመን እችላለሁ። ውጤቱ ግን ጥሩ አይደለም።»

ጋሼ ወደኔ ዞሮ አየኝ። እኔም ወደ ሲስተር ዞርኩ።

«አረንጓዴ ነበር እኮ» አልኩ።

«አረንጓዴው የሚለው በትክክል ተነፍቷል ነው» አለች ሲስተር። «ሳንባው ጤነኛ ነው አይልም። መምህር ነዎት አይደል? ተማሪ ወረቀቱን በሚያምር ጽሕፈት ስለሞላ መልሱን ሁሉ አገኘ ማለት ነው?»

ሐኪሙ አስረዱ። ጤነኛ ሳንባ ሙሉ አየር ስቦ በኃይል ሲነፋ፣ ከአሥር እጅ ሰባቱን ስምንቱን በመጀመሪያዋ ሰከንድ ያስወጣዋል። ይኸኛው ስድስቱን ብቻ ነው። የአየር ቧንቧዎቹ ጠበዋል ማለት ነው። ገና ጅምሩ ነው፣ ግን ጀምሯል።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» ቀጠሉ። «ከቀለሙ ቢሆን ኖሮ ሥራ በማይገቡበት ቀን ይሻልዎት ነበር። የእርስዎ ሁልጊዜ ያው ነው። እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ የማየው በሚያጨስ ሰው ላይ ነው። ያጨሳሉ?»

«ሲጋራ አፌ ላይ አድርጌ አላውቅም» አለ ጋሼ።

ሚሊሜትር የሚሉት ለቀልድ አይደለም፤ ሰውየው ሒሳቡን ሲሠራ አጠገቡ ሆኜ ተሰማኝ። ወደኔ አልዞረም። ከፊቱ ያለውን ስክሪን እያየ ቀስ ብሎ ጆሮው ቀላ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ከረሜላ ይዤ።

ሐኪሙ ሌላ ምርመራ እስኪደረግ ድረስ ቀለም ክፍል አለመግባቱ ይሻላል አሉ። ሲስተር ወረቀቱን ጻፈች። ወጣን።

ጤና ጣቢያው በር ላይ የሲሚንቶ አግዳሚ አለ። ጋሼ ተቀመጠ፣ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ምኑን ልል ነበር።

«ከማሠልጠኛ ኮሌጅ ጀምሮ።»

«ሃያ ስድስት ዓመት» አለ። «በቀን ስንት?»

«ሦስት፣ አራት።»

«ስንት?»

«አሥር።»

ጥፊ ጠበቅሁ። በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ ሚስትና ሁለት ልጅ ይዤ፣ አደባባይ ላይ ጥፊ ጠበቅሁ፤ ቢያሳርፍብኝ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን አራት ላይ አጠፈና ደረት ኪሱ ከተተው።

«ይኼ የኔ ሆኖ ይቅር» አለ። «አንተ ሌላ ቦታ ሂድና በራስህ ስም ታይ። ዛሬ ነገ ሳትል።»

«ማሸጊያ ክፍል ልትገባ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ምን ልበላቸው? ወንድሜ ነው የነፋልኝ ልበል? መምህር ነህ። አጭበረበረ ተብሎ የልጆች መጫወቻ ልትሆን ነው?» ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደግሞስ የኔ ከዚህ እንደሚሻል በምን አውቃለሁ? አንተ ሳታስል እንዲህ ከሆንክ የኔ እንዴት ሊሆን ነው?» አለኝ።

እሺ አልኩት። ይህንን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ፤ ግን እሺ ነው ያልኩት። ሌላ ቦታም አልሄድኩም። ሦስት ቀን ሙሉ ከዕቃ ክፍሉ ጀርባ ቆሜ፣ ሲጋራዬን እያጨስኩ፣ ጢሱን ባወጣሁ ቁጥር ሰከንዱን ስቆጥር ከረምኩ።

በአራተኛው ቀን የጋሼ ባለቤት መነጽሩን ረስቶ መሄዱን ነግራኝ በምሳ ሰዓት አድርስለት አለችኝ። ፋብሪካው ደረስኩ። ማሸጊያ ክፍሉ ከአዲሱ ቀለም ክፍል ፊት ለፊት ነው፤ በመስታወቱ በኩል አንድ ሌላ ሰው የጋሼን መሣሪያ ይዞ ወንበር ሲቀባ ይታያል። ጋሼ መሬት ላይ ተንበርክኮ የደረቁትን በካርቶን እየጠቀለለ በፕላስተር ያሽጋል። አላየኝም። አንዱን ወንበር ገልብጦ በእግሩ ውስጠኛ በኩል ጣቱን አሳለፈ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ እንደገና አሳለፈበት።

«ወፍሯል» አለ ለራሱ።

ከዚያ ጠቀለለው። ሃያ ሁለት ዓመት የወፈረ ቀለም ከእጁ አልፎ የማያውቅ ሰው፣ የወፈረውን ወንበር ጠቅልሎ፣ አሽጎ፣ ከሌሎቹ ላይ ደረበው። አንጀቴን በላው። መነጽሩን ለዘበኛው ሰጥቼ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ሮጥኩ፤ ዳገቱ ጋ ስደርስ ትንፋሼ ከዳኝና አንድ አጥር ደግፌ ቆምኩ። አባባ በሩ ጋ ሲደርስ እንዲህ ነበር የሚቆመው፣ በአንድ እጁ ደግፎ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሲስተር ምሳዋን እየበላች ነበር።

«እኔ ነኝ የነፋሁት» አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አሥሩንም ቀን?»

«አሥሩንም።»

«ጠዋትም ማታም?»

«አንድም አልቀረ።»

«እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከንፈሩ እንደ ወንፊት ያፈስ የነበረ ሰው ቤቱ ሲገባ ሻምፒዮን ሆነብኝ» አለች። «እኔ ሞኟ ደግሞ የማስተማር ችሎታዬ ነው ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ጉራዬን ስነዛ ከረምኩ።» ከዚያ አንቱታው ቀረ። «ስማ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል አልሰማህም? ባንተ ሳንባ እሱ ያልያዘውን በሽታ ሊታከም ነበር፣ አንተ ደግሞ የያዘህን ይዘህ ሜዳህ ላይ ፊሽካ ልትነፋ። ማንን ነው ያገዝከው?»



«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ሁለታችሁም። እሱን ጎትተህም ቢሆን አምጣው።»

መጎተት ግን ቀላል አልነበረም። ጋሼ ማታውን ሲሰማ ተቆጣ፣ ክብሬን ሸጥከው አለኝ፣ ተነስቶ ወጣ፣ ግቢውን ዞሮ ተመለሰ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ መለስኩለት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ያልከኝን ሁሉ እሺ ብያለሁ፤ የፈጸምኩት ግን ግማሹን ነው» አልኩት። «ዛሬ አንተ እሺ በለኝ፣ ሙሉውን።»

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነበርን።

ሲስተር መጀመሪያ ጋሼን አስቀመጠችው። አፍንጫውን በመቆንጠጫ ያዘችለት። ነፋ፣ አሳለ፣ ቀይ። ነፋ፣ ከንፈሩ ተከፈተ፣ ቀይ። ሲስተር መሣሪያውን ተቀበለችውና ወንበሯን አጠገቡ ስባ ተቀመጠች።

«እስቲ ይንገሩኝ፣ በር ሲቀቡ እጅዎን እንዴት ነው የሚወስዱት?»

«ከዳር እስከ ዳር።»

«መሃል ላይ ያቆማሉ?»

ጋሼ ደነገጠ። «መሃል ላይ ከቆምኩማ ይወፍራል።»

«የት ነው የሚያቆሙት?»

«ከበሩ ጠርዝ ካለፍኩ በኋላ ነው እንጂ። ጠርዙ ላይም አላቆም።»

«በሉ እንደዚያ ይንፉልኝ። በሩ ረጅም ነው። ጠርዙን አልፈው ያቁሙ።»

ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ። ቀኝ እጁን አነሳ፣ የሌለ መሣሪያ የያዘ ይመስል። ሳበ። ነፋ፤ እጁም አብሮ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ሄደ፣ ሄደ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ አለፈ። ሲስተር አንዴም አልጮኸችም። አረንጓዴ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ደገመው።

የቤቱ ልኬት የጋሼ እንዳልነበር ሲስተር አስቀድማ ነግራቸው ነበር፤ ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ ሆነው ቁጥሮቹን አዩ። ጋሼ እኔን ሳይሆን ወለሉን ነበር የሚያየው።

«ይህ ሳንባ ደህና ነው» አሉ። «ለዕድሜው ከሚጠበቀውም ትንሽ ይበልጣል። ማታ በልተው ወዲያው ይተኛሉ?»

«ደክሞኝ ነው የምገባው» አለ ጋሼ።

«ሳሉ ከጨጓራ የሚወጣ አሲድ ይመስለኛል። መድኃኒት እንሞክራለን። ቀለም ክፍል መግባት ይችላሉ፤ ጭንብሉን ሳያወልቁ፣ በየስድስት ወሩም እየተለኩ።»

ጋሼ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። ዓመት ሙሉ የተሸከመውን ሲያወርድ አይቼ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ወረፋው የኔ እስኪሆን ድረስ ነበር።

ነፋሁ። አረንጓዴ፣ እንደተለመደው። ሲስተር በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሁለት ጊዜ አስሳበችኝና ሩብ ሰዓት አስጠብቃ ደግማ አስነፋችኝ። ቧንቧዎቹ በመድኃኒቱ ቢከፈቱ ሌላ ነገር ነው፣ ባይከፈቱ የሲጋራው ነው። እምብዛም አልተከፈቱም።

«የጠፋው አይመለስም» አሉ ሐኪሙ። ሰውየው የሚያባብል ዓይነት አልነበረም፣ ለዚያም ነው ያመንኩት። «የጠፋው ግን ትንሽ ነው። ዛሬ ካቆሙ ከእንግዲህ የሚቀንሰው እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው በዕድሜ ነው። ካላቆሙ በዚህ አካሄድ ከአሥር ዓመት በኋላ ደረጃ መውጣት ያቅትዎታል።»

«ሳል እንኳ የለብኝም እኮ።»

«ብዙ ሰው የሚመጣው ሳሉና ድካሙ ሲጀምረው ነው፤ ያን ጊዜ ግማሹ ሄዷል። ምንም ሳይሰማው የሚመጣ ሰው አላጋጠመኝም ማለት እችላለሁ። እርስዎን ማን ላከዎት?»

ሲስተርን አየኋት፣ እሷም እኔን።

«ወንድሜ» አልኩ።

«ነገሩ ረጅም ነው ዶክተር» አለች ሲስተር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለውን እዚያች ወንበር ላይ ነው የተረዳሁት፤ ለአንድ ወረቀት ብለን የቆፈርነው ጉድጓድ የኔን ሳንባ አወጣ።

ጋሼ በማግስቱ ቀለም ክፍሉ ገባ። መጀመሪያ ያደረገው ያሸገውን ወንበር ፈልጎ፣ ካርቶኑን ቀዶ፣ እግሩን ፍቆ መቀባት ነበር አሉ።

የኔን ማቆም እንደ ወሬ ባወራው ደስ ባለኝ፤ ግን እንደ ወሬ አልነበረም። ሁለት ጊዜ አቁሜ ሁለት ጊዜ ጀምሬያለሁ። ለባለቤቴ ስነግራት ከጋብቻችን በፊት ጀምሮ እንደምታውቅ ነገረችኝ፤ ከረሜላ የሚወድ ጎልማሳ አይታ አታውቅም። ጋሼ በየማታው ግድግዳውን አልፎ ይመጣና «ዛሬ ስንት?» ይለኛል። ሦስት፣ እለዋለሁ። ሁለት። አንድ ሳምንት ሙሉ ባዶ፣ ከዚያ አራት። አራት ባልኩት ቀን አልተቆጣም፤ ከኔ ጋር ተቀምጦ ዜና አይቶ ሄደ። ሃያ ስድስት ዓመት ስዋሸው የኖርኩት ሰው እውነቱን ሲሰማ እንዲህ የሚሆን መሆኑን ባውቅ ኖሮ፣ ብዬ አስባለሁ። ከሦስተኛው ወር ወዲህ ባዶ ነው።

በስድስተኛው ወር ለሁለታችንም በአንድ ቀን ተቀጠረልን። የሲስተር በር ላይ በእጅ የተጻፈ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ «እያንዳንዱ ሰው የራሱን ትንፋሽ ይንፋ» ይላል። ለማን እንደተጻፈ አልጠየቅንም።

ጋሼ እጁን ከዳር እስከ ዳር እየወሰደ ነፋ፤ ደህና ነው። ሳሉም ለቆታል። ከዚያ እኔ ነፋሁ፤ አረንጓዴው መጣ፤ ማናችንም ግን አላየነውም። ሐኪሙ የድሮውንና የዛሬውን ጎን ለጎን አድርገው አስተያዩ።

«አልወረደም» አሉ።

«አልጨመረም?»

«አይጨምርም ብዬዎታለሁ። አልወረደም። እንኳን ደስ ያለዎት።»

ሃያ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ባለበት የቆመን ተማሪ እንኳን ደስ ያለህ ብዬ አላውቅም። ጋሼን ልነግረው ዞር ብል ወንበሩ ባዶ ነው።

ውጭ አገኘሁት፣ የሲሚንቶው አግዳሚ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አባታችንን ስንቀብር ያላለቀሰ ሰው ነው፤ ያኔ እኔን ይዞ ነበር። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። በእጅጌው ፊቱን ጠረገ።

«ጉንፋን ነው» አለኝ።

«ላስነፋህ?» አልኩት።